ባለ 34 ኢንቹ ሰፊ ሞኒተር በስፖኪዮ ሲመዘን

መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ይታወቅ። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ባለ 53 ጫማ ተሳቢ መጎተት ነው። ቤት ስገባ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከፍቼ አሜሪካን ትራክ ሲሙሌተር የሚባለውን የከባድ መኪና ጌም እጫወታለሁ። ባለቤቴ «ተከፍሎህ የነዳኸው አልበቃ ብሎ በነፃ ደግሞ ትነዳለህ?» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም። ስለዚህ ሞኒተር ስመርጥ የቀለሙ ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ካሜራውን በቁልፍ ሳላዞር ሁለቱም ስፖኪዮዎች ይታዩኛል ወይ?

የገዛሁት ባለ 34 ኢንች ሰፊ ሞኒተር ነው፤ 21 ለ 9 የሚባለው ቅርጽ (ስፋቱ ለቁመቱ)፣ 3440 በ1440 ፒክስል፣ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ፣ ፓነሉ (ሥዕሉ የሚታይበት ገጽ) ቪኤ የሚባለው ዓይነት፣ 144 ኸርዝ፣ ማለት ሥዕሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ። የፋብሪካውን ስም ትቼዋለሁ፤ ብዙው የምለው ከቅርጹና ከፓነሉ ዓይነት የሚመጣ ስለሆነ ሌላም ብትገዙ ይገጥማችኋል። የማወዳድረው ከእሱ በፊት ከነበሩኝ፣ አንድ ቢሮ ሲዘጋ በርካሽ ከገዛኋቸው ሦስት ባለ 27 ኢንች ተራ ሞኒተሮች ጋር ነው።

መልካሙን ላስቀድም። ጠረጴዛዬ ጸዳ። አንድ የመብራት ገመድ፣ አንድ የምስል ገመድ፣ አለቀ። መሃል ላይ የሚቆርጥ ፍሬም ስለሌለ አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና ከዴንቨር ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ ጥዱም በረዶውም ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። የኮሎራዶ ካርታ ለጌሙ የወጣው በኖቬምበር 2020 ነው፤ መንገዱ እንጀራዬ ስለሆነ ገና እንደወጣ ነው የገዛሁት። ዓለሙ 20 እጥፍ ተሰብስቦ ስለተሠራ፣ ከዴንቨር ግራንድ ጀንክሽን አራት ሰዓት የሚወስድብኝ ጉዞ እዚያ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ካለው የአይዘንሃወር ዋሻ ወጥተህ ወደ ሲልቨርቶርን የምትወርድበት ቁልቁለት፣ ፍሬን የከዳው መኪና የሚገባበት ማምለጫ የተሠራለት ነው። እውነተኛውን ስወርድ ዓይኔ ከፍሬኑ የአየር ጌጅና ከስፖኪዮው አይነቀልም። ያንን ተራራ ረጋ ብዬ ያየሁት በዚህ ሞኒተር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ስፖኪዮው። ለመኪና ጌም ወሳኙ ስንት ኢንች መሆኑ ሳይሆን ከተቀመጥክበት ስንት ዲግሪ እንደሚሸፍንልህ ነው። ከስክሪኑ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቄ ነው የምቀመጠው። በዚህ ርቀት አንድ ባለ 27 ኢንች ወደ 46 ዲግሪ ይሸፍናል። ባለ 34 ኢንቹ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና ወደ 60 ዲግሪ ይደርሳል። ጓደኛዬ ቤት ያለው ባለ 49 ኢንቹ ሳምሰንግ ኦዲሴ ጂ9፣ ጉብጠቱ ጠንከር ያለ ስለሆነ፣ ወደ 90 ይጠጋል። ሦስት ባለ 27 ኢንች ሞኒተሮች ግራና ቀኙን ወደ ራስህ ሰብሰብ አድርገህ ብታቆማቸውስ? 140 ገደማ። ሒሳቡን ሳልገዛም ልሠራው እችል ነበር፤ ግን ዓይን ካላየ ማን ያምናል።

በተግባር፣ እኔ በምነዳው ካቢና የግራው ስፖኪዮ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፣ የቀኙ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። የእይታውን ስፋት ከጌሙ ማስተካከያ ላይ መጨመር ይቻላል፤ ያኔ ግን ፊት ለፊት ያለው መንገድ ያንስና ይርቃል፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ ይለጠጣል። ጌሙ ሥዕሉን በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንደሚያርፍ አድርጎ ስለሚሠራው ነው፤ የሞኒተሩ መጎበጥ ይህን አያስተካክልም። ኤፍ2ን ተጭነህ ስፖኪዮዎቹን ስክሪኑ ላይ መለጠፍ ትችላለህ፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚጫወተው። እኔ አልወደውም። ተሳቢውን ወደ ዶክ፣ ማለት ወደ ዕቃ ማራገፊያው፣ ወደ ኋላ ስታስገባ ስፖኪዮው ባለበት ቦታ ነው ዓይንህ የሚሄደው፤ የዓመታት ልማድ ነው፣ ለጌም ብዬ አላበላሸውም።

ሦስቱ ሞኒተሮች እዚህ ላይ ይበልጡታል፣ ያውም በብዙ። ጌሙ በኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይሉ ውስጥ ለብዙ ስክሪን የተሠራ አሠራር አለው፤ ለእያንዳንዱ ሞኒተር የየራሱን ካሜራ፣ በየራሱ ማዕዘን ይሰጠዋል። ስለዚህ የጎን መስኮቱ አይለጠጥም፣ እንደ መስኮት ሆኖ ይታያል። ሁሉም ሰው የሚያማርርበት ፍሬምስ? እኔ ጋ፣ ሞኒተሮቹን ትንሽ ካነቃነቅኋቸው በኋላ፣ የፊት መስታወቱንና በሩን የሚለየው የካቢናው ቋሚ ብረት ላይ አረፈ። እውነተኛውም መኪና ላይ እዚያ ቦታ ምንም አይታይም! የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ እሱን ፍሬሙ ያናድደዋል።

ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል። ሦስት ባለ 1920 በ1080 ሞኒተር አንድ ላይ 6.2 ሚሊዮን ፒክስል ነው፣ ሰፊው 4.95 ሚሊዮን። ሦስት ጊዜ የተለያየ ካሜራ መሣሉ ሲጨመርበት ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ያቃስታል፤ በብርዱ ወራት ክፍሉን ያሞቅልሃል፣ በሐምሌ ሙቀት ግን ከመስኮቱ አጠገብ ነው የምጫወተው። ለሌሎች ጌሞች ደግሞ ሦስቱን እንደ አንድ ስክሪን የሚያስቆጥረውን የኤንቪዲያ ሰራውንድ ማብራት አለብህ፤ እሱን ማብራትና ማጥፋት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የሰፊው ሌላ ድክመት ሌሊት ይወጣል። ቪኤ ፓነል ጥቁሩ ደስ ይላል፣ ግን ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲሸጋገር ይዘገያል። ጨለማ መንገድ ላይ የመንገድ ዳር ብረቶቹ ጥቁር ጭራ እየጎተቱ ያልፋሉ። ይህ የሚያስጠላችሁ ከሆነ ወደ አይፒኤስ፣ አቅም ካለም ወደ ኦሌድ ፓነል ሂዱ። ሁሉም ጌም ስፋቱን ይጠቀምበታል ብላችሁም አትጠብቁ፦ ልጄ ቫሎራንት የሚባለውን የተኩስ ጌም ሲከፍት ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ኤልደን ሪንግም እንደዚያው ነው። «ዳዲ፣ ለጥቁሩ ነው እንዴ ብሩን የከፈልከው?» ይለኛል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ የሞኒተሩ የኤችዲኤምአይ ገመድ መሰኪያ 2.0 ከሆነ በዚህ ጥራት 100 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚቆመው። ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን መሰኪያ ተጠቀሙ፤ ገመዱም ረጅም ከሆነ ርካሹን አትግዙ።

ለሁሉም ዓይነት ጌም ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ፤ ለከባድ መኪና አምስት። ሦስቱን አሮጌዎች ከጋራዥ አውጥቼ መልሼ ተክያቸዋለሁ። ሰፊውን ባለቤቴ ወሰደችው፤ የሰው ሒሳብ ስለምትሠራ ሁለት ኤክሴል ጎን ለጎን ትከፍትበታለች። ልጁ ዓርብ ማታ ብቻ እንዲያስፈቅዳት ተስማምተዋል። እኔን አላማከሩኝም።