የጅማ ዋንዛ የክሪኬት ባት፦ አካሉ ጥሩ፣ ጫፉ ያላለቀ

የክሪኬት ባቱን (ኳስ መምቻውን እንጨት) ከአናጺው ስትረከቡ ፊቱን ከማድነቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጫፉን እዩት። በጅማ ሕርማታ አካባቢ ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በትእዛዝ የተሠራው ይህ ባት ትልቁ ጉድለቱ እዚያ ነው። እንደ ወንበር እግር በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሹል ነው። የቀረው ሥራ ግን የጅማ እጅ መሆኑን ያስታውቃል። በርጩማን ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ማውጣት የለመደ ባለሙያ የባቱን የጀርባ ጉብታ በመላጊያ አሳምሮ አውጥቶታል። ፊቱ ላይ ጉጥ የለም፤ የእንጨቱ መስመርም ከትከሻው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ጫፉ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? በክሪኬት መቺዎቹ ባታቸውን ይዘው ከጫፍ ጫፍ በመሮጥ ነጥብ (ራን) ይሰበስባሉ። የተወረወረች ኳስ ስታምፖቹን (መሬት ላይ የተተከሉትን ዘንጎች) ከመምታቷ በፊት ካልደረሰ ሯጩ ከጨዋታ ይወጣል፤ የሚድነው ባቱ ወይም አካሉ ከክሪዙ (በስታምፖቹ ፊት ከተሰመረው) መስመር አልፎ መሬት ሲነካ ነው። መስመሩ ላይ ማረፍ አይበቃም፣ ማለፍ አለበት። መስመሩ ከስታምፖቹ 1.22 ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ ጎበዝ ሯጭ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ክንዱን ዘርግቶ ባቱን መሬት ለመሬት እያንሸራተተ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2019 በኦልድ ትራፎርድ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የሕንዱ ዶኒ 50 ራን ላይ ሳለ ሁለተኛውን ራን ሊያሟላ ሮጠ። የኒውዚላንዱ ማርቲን ጉፕቲል ከሩቅ ወርውሮ ስታምፑን በቀጥታ መታው፤ የዶኒ ባት መስመሩን ለማለፍ ጥቂት ጣት ቀርቶት ነበር። ሕንድ በ18 ራን ተሸንፋ ወጣች። ከ4 ቀን በኋላ በሎርድስ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ፍጻሜ ያው ጉፕቲል እንደገና ወረወረ። የእንግሊዙ ቤን ስቶክስ ባቱን ዘርግቶ እየተወረወረ ሲገባ ኳሷ ባቱን ነክታ እስከ ሜዳው ድንበር ተንከባለለች። በሩጫ 2፣ ኳሷ ድንበር በመድረሷ 4፣ በድምሩ 6 ተመዘገበ። በ3 ኳስ 9 ራን ያስፈልጋት የነበረችው እንግሊዝ በ2 ኳስ 3 ብቻ ቀራት። (የቀድሞው ዳኛ ሳይመን ቶፍል በኋላ 5 መሆን ነበረበት ብለዋል፤ ኳሷ ስትወረወር ሁለቱ ሯጮች ገና አልተላለፉም ነበርና።) ጨዋታው 241 ለ241፣ ሱፐር ኦቨሩም (አቻ ሲወጡ ለየቡድኑ የሚጨመረው የ6 ኳስ ጨዋታ) 15 ለ15 ተጠናቀቀ፤ እንግሊዝ በድንበር ምቶች ብዛት 26 ለ17 በልጣ ዋንጫውን ወሰደች። ሁለቱም ጨዋታ የተገለበጠው በተዘረጋ ባት ነው።

አሁን ይህን ሹል ጫፍ በክረምት ወደ ጅማ ሜዳ አምጡት። ቀዩ አፈር ሲርስ ጫፉ እንደ ማረሻ ይገባበታል፤ ባቱ ከመስመሩ ወዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጀታው የሯጩን ሆድ ይወጋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ባለው ሕግ እየሮጠ የገባ ሰው ባት አንዴ ከመስመሩ አልፎ መሬት ከነካ በኋላ ቢነሳም ሰውየው አይወጣም። ከመስመሩ በፊት የተተከለን ባት ግን ምንም ሕግ አያድነውም።

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። የታችኛውን ጠርዝ በፊትም በጀርባም በኩል በሞረድ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አዙሩት፣ ከዚያ በሻካራ ቀጥሎም በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት። ጫፉ የእንጨቱ ክር የሚከፈትበት ስለሆነ ውሃ የሚጠጣው በዚያ ነው፤ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት በጨርቅ አስነክታችሁ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፣ በየመሃሉ አንድ ቀን ጋደም አድርጋችሁ አድርቁት። ሲደርቅ የካላማዳሪያ ጎማ ቆርጣችሁ በማስቲሽ ለጥፉበት። ጎማው ከእንጨቱ ጠርዝ ትንሽ ገባ ይበል፤ ከወጣ ራሱ መሬት ይይዛል። አናጺው ፊቱን ቫርኒሽ ልቀባው ቢላችሁ እንቢ በሉ፤ ቫርኒሽ በመጀመሪያዎቹ ምቶች ይፈረፈራል፣ ከዚያ በኋላ ዘይትም አያስገባም።

ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ሕጉ እስከ 96.5 ይፈቅዳል፣ ወርዱም እስከ 10.8። ቁመቱ ረዘም ላለ ተጫዋች እነዚያ 6 ሴንቲ ሜትር በሩጫ ጊዜ ዋጋ አላቸውና ስታዝዙ በካርቶን ልኩን ቆርጣችሁ ስጡት፤ በቃል የተነገረ ልክ ያጥራል።

ክብደቱ 1.4 ኪሎ ነው። ከአኻያ እንጨት የሚሠሩት የተለመዱ ባቶች 1.2 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ ይህኛው ለእጅ አንጓ ይከብዳል። ከጀርባው ትከሻ አካባቢ ጥቂት መላግ ይቻላል፤ ኳስ የሚመታበትን የታችኛውን ጉብታ ግን አትንኩ። እጀታው ከዚያው ጣውላ የወጣ ስለሆነ ንዝረቱ ሁሉ ወደ መዳፍ ይመጣል። ካላማዳሪያ ጠብቆ ቢጠመጠምበት ይሻላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀረውም።

በናስትሮ ለተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ይህ ባት በደንብ ያገለግላል፣ ልንመክረውም እንችላለን። በቆዳው ጠንካራ ኳስ ግን አትሞክሩት፤ እግር ሥር የወደቀች አንድ ፈጣን ኳስ ጫፉን ለሁለት ትከፍለዋለች።

ከማዘዛችሁ በፊት ጣውላው መድረቁን አረጋግጡ፤ እርጥብ ዋንዛ ቤት ገብቶ ይጣመማል። ከየት እንደመጣም ጠይቁ፣ ዋንዛን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ የተከለከለ ነው። ቀብድ ከፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፣ ጫፉ እፊታችሁ በሞረድ ከዞረ በኋላ ጨርሱለት።