ፒቪ ቲ-60 ጊታሬን ላዳኑልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በመጀመሪያ ለአንድ ሰው ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ፣ ቀጥሎም አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ የሚያምነው ጠጋኝ ያጣ ሰው ካለ መንገዱን ለመጠቆም ነው። ባለሙያው ስማቸው በይፋ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ፤ የሚፈልጋቸው ሰው በግል ቢጽፍልኝ ግን ያሉበትን ቦታ በደስታ እነግረዋለሁ።

ጊታሩ ፒቪ ቲ-60 የሚባለው ነው። ወደ እኔ የመጣው ከታላቅ ወንድሜ እጅ ሲሆን፣ እርሱ ለረጅም ዘመን ከባንድ ጋር ሲጫወትበት ኖሮ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ሕመም ቢበረታበት «ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ከሚያረጅ አንተ ዘንድ ይጩህ» ብሎ ሰጠኝ። እኔ እንደ እርሱ በሙዚቃ የምተዳደር ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን የዚህን ጊታር ድምፅ ከግድግዳ ማዶ እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ሌላ ጊታር ስሰማ ሁልጊዜ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ሲደርሰኝ ግን ደህና አልነበረም። የቶን መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ድምፁን የሚያቀጥነውና የሚያለዝበው ማዞሪያ፣ በተዞረ ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል፣ አንዳንዴም ድምፁን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ከፍ ብለው ስለቆሙ ጥቂት ከተጫወትኩ በኋላ ግራ እጄ ይዝላል። ከዚህም ሌላ ቶኑ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ድምፁ በድንገት ይቀጥንና ከሥሩ ስስ ጉምጉምታ ይሰማል። ወንድሜን ብጠይቀው «እሱ ድሮም እንዲሁ ነው» ከማለት በቀር ምክንያቱን ሊነግረኝ አልቻለም።

ይዤው የዞርኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠቅስም፤ የደረሰብኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። በአንደኛው ቦታ ሳጥኑ ገና በግማሽ እንደተከፈተ በጊታሩ ራስ ላይ ያለውን ስም አይተው «ይህ የአምፕሊፋየር ፋብሪካ ሥራ ነው፣ ለእሱ የምታወጣው ገንዘብ ይቆጭሃል» ብለው መለሱልኝ። አንድ ክር እንኳ ሳይነኩ ነው ይህን የፈረዱት። በሌላው ቦታ ፒካፖቹ፣ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ክፍሎች፣ ሁለቱም ሞተዋል ተባልኩ፤ ይባስ ብሎም አዲሶቹ በቀድሞዎቹ ቦታ ስለማይገቡ እንጨቱን መፈልፈል ያስፈልጋል አሉኝ። ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰበትን ጊታር በመሮ ሊቦረቡሩት መሆኑን ስሰማ የተሰማኝን ለመግለጽ ይቸግረኛል። ሌላ ጠጋኝ ደግሞ ዛሬ ነገ እያለ ለረጅም ጊዜ ካስቀመጠው በኋላ ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ ሲመልስልኝ፣ ኮሽታው እንዳለ ነበር፤ የፊት ሽፋኑ ብሎኖች ጥርሳቸው ተበልቷል፣ አንደኛው ጭራሽ የለም። ስለ ጠፋው ብሎን ስጠይቀው ድሮም አልነበረም አለኝ። ለዕቃ ደንታ የሌለው ሰው በሰው ዕቃ ላይ መሣሪያ ባያነሣ ምንኛ መልካም ነበር!

ጋሼ ብዬ የምጠራቸው እኚህ ባለሙያ ዘንድ የደረስኩት በአንድ የባንድ ተጫዋች ጥቆማ ነው። ጊታሩን ተቀብለው ወፍራም ጨርቅ ላይ አስተኙት እንጂ ወዲያው መፍቻ አላነሡም። ዙሪያውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ አንገቱን ወደ ዓይናቸው አቅንተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱት፤ ከዚያ ከትንሽ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝተው ጥቂት ኮርዶች ቀስ ብለው መጫወት ጀመሩ። የቶን መቆጣጠሪያውን 10 ላይ አድርገው አንድ ኮርድ መቱ፤ ያ ሁሉም የረገመው ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ወደ 7 አካባቢ መለስ አድርገው ያንኑ ኮርድ ደገሙት፤ ድምፁ ሞላ፣ ጉምጉምታውም ጠፋ። ያን ጊዜ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይህ እኮ ብልሽት አይደለም። የሠሩት ሰዎች አስበውበት ነው» አሉኝ።

እንዳስረዱኝ ከሆነ በእያንዳንዱ ፒካፕ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ ቶኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንዱ ብቻውን ይሠራል፣ ወደ 7 ሲወርድ ሁለተኛው ይጨመርበታል፣ ከዚያ በታች ደግሞ እንደ ማንኛውም ጊታር ድምፁን ያለዝባል። ሌሎቹ ሞቷል ብለው ሊቀብሩት የነበረው ነገር የዚህ ጊታር ዋና ብልሃቱ ኖሯል። ስለ ሽቦው አገባብ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ነገር ነግረውኛል፤ እርሱን ለሚያውቁት እተዋለሁ።

ትክክለኛው ሕመም ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበር። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ለዘመናት የተከማቸውን አቧራና ዝገት አጸዱ፣ የላላ አንድ ሽቦ እንደገና በየዱ፣ በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈውን የብረት ዘንግ በጥቂቱ አጥብቀው አሳደሩትና በማግሥቱ እንደገና ጥቂት ጨመሩበት፤ ክሮቹም ዝቅ አሉ። አንድም ዕቃ አልቀየሩም። ለጠፋው ብሎን እንኳ ከራሳቸው መሳቢያ መጠኑንና መልኩን የሚመስል ፈልገው ገጠሙልኝ፤ ዋጋውንም አልጠየቁኝም።

እየሠሩ ሳሉ ስለ ጊታሩ የነገሩኝ ነገር ዓይኔን ከፍቶልኛል። ቲ-60 እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ የአሜሪካ ጊታር ነው፤ የተሠራውም በሚሲሲፒ ግዛት በሜሪዲያን ከተማ ነው። ሃርትሊ ፒቪ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠርት የታወቀው በአምፕሊፋየር ስለነበር፣ ጊታር ለመሥራት ሲነሣ ከጊታር ባለሙያው ከቺፕ ቶድ ጋር ሆኖ የዘመኑ ጊታር ሠሪዎች ያልለመዱትን መንገድ መረጠ። የጠመንጃ ሰደፍ ከብረቱ ጋር ያለ ክፍተት እንዲገጥም አድርገው የሚቀርጹትን በቁጥር የሚታዘዙ ማሽኖች ተመልክቶ፣ በእነዚሁ ዓይነት ማሽኖች የጊታር አካልና አንገት አስቀረጸ። ዛሬ ይህ አሠራር በየፋብሪካው የተለመደ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እንግዳ ነበር። ጋሼ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣታቸው እያሳዩኝ «እዚህ መካከል ወረቀት አይገባም» አሉኝ፤ እውነትም ከአርባ ዓመት በላይ ኖሮ ያ መጋጠሚያ አሁንም እንደተዘጋ ነው። አንገቱ ደግሞ ሁለት የሜፕል እንጨቶች የእንጨት መሥመራቸው በተቃራኒ እየሄደ ተጣብቀው የተሠራ በመሆኑ በቀላሉ አይጣመምም። የእኔም የዚያን ያህል ዘመን ተረስቶ ጥቂት ብቻ የጎበጠው በዚሁ ምክንያት ነው አሉኝ።

በእርግጥ ከባድ ነው፤ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ለሚጫወት ሰው ትከሻው ይሰማዋል። መልኩም እንደ ታዋቂዎቹ ጊታሮች ዓይን አይስብም። በዚህ ላይ መጀመሪያ ሲወጣ ከነጠንካራ ሳጥኑ ከ400 ዶላር በታች ስለተሸጠ፣ ርካሽ ዕቃ ነው የሚለው ስም እስከ ዛሬ ተከትሎታል። በእኔ እምነት ግን ትልቅ በደል ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ቆሟል፤ ሆኖም በዚያው ዘመን ከተሠሩና ዛሬ እጥፍ ድርብ ከሚጠየቅባቸው ስመ ጥር ጊታሮች አጠገብ አቁሞ በጣትና በጆሮ የመዘነው ሰው ዋጋው ለምን ዝቅ እንዳለ ይገርመዋል። አሮጌ ጊታር መግዛት የሚፈልግ ነገር ግን አቅሙ የማይፈቅድለት ወጣት ካለ፣ ሌላ ከማየቱ በፊት ቲ-60ን ፈልጎ ይሞክረው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። በአንገቱ ጀርባ ላይ የወንድሜ አውራ ጣት ለዓመታት የተመላለሰበት ቦታ ቀለሙ ለቅቆ እንጨቱ ወጥቷል፤ ከአንዱ ቦታ ይህንንም ቀለም ቀብተን አዲስ እናደርገዋለን ብለውኝ ስለነበር ጋሼን ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኋቸው። የማን ጊታር እንደነበረ ጠይቀው የወንድሜን ነገር ከሰሙ በኋላ «ይህማ የሚጠገን ነገር አይደለም፣ የሰው እጅ ነው። እርስዎም እዚሁ ላይ ይጫወቱበት» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ የቆዩት ሰው ያን ጊዜ ለምን ወደ አንቱታ እንደተሻገሩ አላውቅም፤ ለወንድሜ ክብር ይመስለኛል። ያን ቦታ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠርገው ተዉት።

የጠየቁኝ ክፍያ ሥራውን ላበላሹብኝ ሰዎች ከከፈልኩት በእጅጉ ያንሳል። ጨምሬ ልስጥ ብል እምቢ አሉኝ፤ ስለዚህ የቀረኝ ነገር እንዲህ በአደባባይ ማመስገን ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎ አይጉደልብን።

አሮጌ ጊታር ያላችሁ ሁሉ፣ አይረባም ስለተባለ አትጣሉት፣ ፒካፑን አውጡ ስለተባላችሁም አታስወጡት፤ በመጀመሪያ እሳቸው ይዩት። ስትሄዱ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ሥራ ሲበዛባቸው አዲስ አይቀበሉም። ክሩንም ከመሄዳችሁ በፊት አትቀይሩ፣ ምንም ነገር አታጽዱ፤ ጊታሩን እንዳለ ሆኖ መስማት ይፈልጋሉ።