የመስታወት ምግብ ማስቀመጫ ከ9 ወር በኋላ፦ ጣጣው ክዳኑ ላይ ነው

ባለክዳን የመስታወት ምግብ ማስቀመጫ ከገዛሁ 9 ወር ሆነኝ። አንዱ ካርቶን አስር ፍሬ ይዟል። አብሬ ሦስት የሰም ጨርቅና ሁለት የሲሊኮን ከረጢት ወሰድኩ። ዛሬ በእጄ ያሉት መስታወቶች ስምንት ናቸው። ሁለቱ የት እንደገቡ እነግራችኋለሁ።

ወደዚህ የገፋኝ ትልቅ ዓላማ አይደለም። የድሮዎቹ የፕላስቲክ ዕቃዎቼ ቲማቲም አቅልቷቸው ቀረ። ማይክሮዌቭ ሲመላለሱ ውስጣቸው ሸካራ ሆነ። የሽንኩርት ሽታው ደግሞ ቢታጠቡም አይለቅም። በዚያ ላይ ለተረፈች ግማሽ ሎሚ ሁሉ ስስ ላስቲክ እየቀደድኩ እጠቀልል ነበር። የሳምንቱ ሲጠራቀም አንድ ፌስታል ይሞላል።

መስታወቱን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ቀለም አይይዝም፣ ሽታ አይይዝም። ከፍሪጅ ወጥቶ ይሞቃል፣ እዚያው ላይ ይበላል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ውስጡ መታየቱን ነው። ድሮ ከፍሪጁ ጀርባ ተረስቶ የሚሻግት ነገር አይጠፋም ነበር። አሁን በሩን ስከፍት የተረፈው ምግብ ሁሉ ያፈጥብኛል።

የእኔዎቹ ቦሮሲሊኬት ከሚባለው መስታወት የተሠሩ ናቸው። ተራው መስታወት ሲሞቅ ከሚለጠጠው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው የሚለጠጡት። ስለዚህ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው ቶሎ አይሰነጠቁም። እኔ ግን ይህን ጨርሶ አይሰበሩም ብዬ ተረጎምኩት። በሁለተኛው ወር ሾርባ እስከ አፉ ሞልቼ፣ ክዳኑን ቀጭ አድርጌ ቆልፌ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ስከፍት ሾርባው የዕቃውን ቅርጽ ይዞ ደርቋል፤ መስታወቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ለብሶታል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። መስፊያ ካልተውኩለት የት ይሂድ? ሾርባውን ከነስብርባሪው ጣልኩት። አሁን ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ እተዋለሁ፤ ክዳኑንም የምቆልፈው ምግቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው መስታወት ከእጄ አምልጦ ወደቀ። በቃ፣ ታሪክ የለውም።

ክዳኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንደኛ ነገር ክዳኑ ራሱ ፕላስቲክ ነው። ገልበጥ አድርጌ ሳየው በሦስት ማዕዘኑ ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር አለ፤ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ለሰው ሁሉ «ከፕላስቲክ ተገላገልኩ» እያልኩ ስፎክር ነበር። ዕቃውን እስከ አፉ ካልሞላሁት ምግቡን ስለማይነካ ብዙም አልከፋኝም። ሳሞቅ አነሳውና በሳህን እከድናለሁ።

ሁለተኛው ጎማዋ ናት። በክዳኑ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የምትይዝ ቀጭን የሲሊኮን ጎማ አለች። በአራተኛው ወር አንዱ ክዳን ደስ የማይል ጠረን አመጣ። አጠብኩት፣ አልለቀቀም። በስቴኪኒ ጫፍ ጎማዋን ቀስ አድርጌ ከቦይዋ ሳወጣት ከስር ጥቁር ሻጋታ ዙሪያውን ተሰልፏል። አስሩንም ክዳኖች ፈታሁ። አምስቱ እንደዚያው ነበሩ። በየቀኑ አጥባለሁ ብዬ ስኩራራ ለካ የማጥበው ላይ ላዩን ነው! ከዚያ ወዲህ በየአስራ አምስት ቀኑ ጎማዎቹን አውጥቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ፤ በደንብ ሳይደርቁ አልመልሳቸውም። እናቴ ጎማ በጎማ ሆኜ አግኝታኝ «አንቺ ልጅ፣ ጋራዥ ከፈትሽ እንዴ?» አለችኝ። ስትመለስ ተጠማዝዛ ከገባች ደግሞ ታፈሳለች። ለዚህ ቦርሳዬ ምስክር ነው።

ሦስተኛው በአራቱ ጎን ያሉት መቆለፊያ ጆሮዎች ናቸው። ከመሰበራቸው በፊት መታጠፊያቸው ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ያን ካያችሁ ቀኑ ቀርቧል። የእኔ ሁለት ክዳኖች እንዲህ ሆነው ጆሯቸውን አጡ።

የሰም ጨርቁን ሳልወደው አልቀረሁም። የጥጥ ጨርቅ ላይ የንብ ሰም፣ የዛፍ ሙጫና ዘይት ተነክሮበት ነው የሚሠራው። በእጅ ሙቀት ይለሰልስና የጎድጓዳ ሳህን አፍ ላይ ልክክ ይላል። ለተቆረጠ ሎሚ፣ ለአይብ፣ ለዳቦ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን በጣም በሞቀ ውሃ አጥቤ ጉድ ሆንኩ። የንብ ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፤ ሰሙ ተነስቶ ሄዶ የማጠቢያው ማፍሰሻ ላይ ረጋ። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ነው የሚታጠበው። በሙቅ ውሃ ስለማይታጠብም ጥሬ ሥጋ አይጠቀለልበትም። ስድስት ወር ሲሞላው እጥፋቱ ላይ ሰሙ ሳሳ። በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሀል አድርጌ ለዘብ ባለ ካውያ ስተኩሰው እንደገና ተዳረሰ።

የሲሊኮን ከረጢቱን ባልገዛው ይሻለኝ ነበር። ሽንኩርት አንዴ ከገባበት ለወራት ይሸታል። ማድረቁም ፈተና ነው፤ ገልብጬ የእንጨት ማንኪያ ላይ ሰቅዬም ጥግ ጥጉ እርጥብ ይቀራል። አሁን ፍሪዘር ውስጥ ለአትክልት ብቻ ነው የማውለው።

የሚያስቀው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያገለገሉኝ ያልገዛኋቸው ናቸው። የማርማላታ ብልቃጦች። ለምስር፣ ለሩዝ፣ ለቅመም አንደኛ ናቸው። የድሮ የፕላስቲክ ዕቃዎቼንም አልጣልኳቸውም። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 በዓለም ከተጠራቀመው የፕላስቲክ ቆሻሻ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የእኔም የት እንደሚደርስ መገመት አያቅትም። አሁን ቁልፍ፣ ክርና ሚስማር ይዘው ተቀምጠዋል።

እንደገና ብገዛ አስር አልገዛም። ስድስት ይበቃኛል፤ ሁሉም አንድ መጠን፣ የአንዱ ክዳን ለሌላው የሚሆን። ከመክፈሌ በፊትም ክዳኑ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ እጠይቃለሁ። የእኔው አይሸጥም። ጆሯቸው ከተሰበረው ክዳኖች ለአንዱ ምትክ ያገኘሁት ሾርባው ከሰበረው ዕቃ ነው፤ ክዳኑ ተርፎ ስለነበር ልኩ ሆነ። ሌላው አሁንም በላስቲክ ታስሮ ፍሪጅ ውስጥ አለ።