ለጆሮ ጩኸት፦ መድፈኛ ወይስ ዝቅ ያለ ድምፅ?

ጆሮው ሲር የሚልበትና ድምፅ የሚከብደው ሰው ቀድሞ የሚያስበው መድፈኛ ነው። ወፍጮ ቤት ወይም የሰርግ ድንኳን ስፒከር አጠገብ ትክክል ነው። የስፖንጁን መድፈኛ በጣት አድቦልቡሎ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት መያዝ። ግማሹ ውጭ ከቀረ እምብዛም አይከላከልም፤ ብዙው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ለባጃጅና ለገበያ ጫጫታ ግን አይመከርም። ጆሮ ቀኑን ሙሉ ሲደፈን አንጎል ድምፅ ፍለጋ ንቃቱን ይጨምራል፤ መድፈኛው ሲወልቅ የሲኒ መጋጨት እንኳ ያማል፣ ጩኸቱም ይጎላል።

ሌሊት የሚሻለው ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። የባሕር ዳር ሙቀት ቬንቲሌተሩን ቀድሞ ቤት አስገብቶታል፤ እሱ ይበቃል። ልኩ፣ የጆሮው ጩኸት ከሥሩ በስሱ እየተሰማ መሆኑ ነው፤ ለመሸፈን ተብሎ ድምፁ ከፍ ካለ ሌላ ረብሻ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩ ይቆምና ዝምታው ራሱ ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ ስልክ ላይ የዝናብ ወይም የጣና ማዕበል ድምፅ ጭኖ፣ ቻርጅ አድርጎ ማደር።

ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምት ጋር ከመታ፣ ሁለቱም ይቆዩና የጆሮ ሐኪም ይቅደም።