ሮም ለመጀመሪያ ጊዜ፦ የቱ ላይ ዩሮ ይውጣ፣ የቱ በነጻ ይታይ?

ሮም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ያገኘሁትን ትኬት ሁሉ ገዛሁ፣ እግሬም ኪሴም እኩል አለቁ። ሁለተኛው እናቴን ይዤ ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ በዚያ ላይ የሰኔ ጾም ይዛ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከተማዋን በደንብ ያየኋት ያኔ ነው፤ በየሃምሳ ሜትሩ አረፍ ማለት ነበረብንና።

ይህን የምጽፈው ሦስት ወይ አራት ቀን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚበርም፣ ከጀርመን ወይ ከስዊድን ቅዳሜና እሑድን አስታኮ ብቅ ለሚልም። ዋጋ ይቀያየራልና ከመግዛታችሁ በፊት አንዴ ቼክ አድርጉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከኤርፖርቱ ልጀምር። ፊዩሚቺኖ ስትወርዱ የመጀመሪያው ምርጫ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ነው፤ 14 ዩሮ፣ መሃል ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ቴርሚኒ፣ ያደርሳችኋል። አውቶብሱ ግማሽ ዋጋ ገደማ ነው፣ ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መንገድ ከተዘጋጋ ከዚያም በላይ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የ8 ዩሮ ተራ ባቡር አለ። ወደ ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ ሠፈሮች ይሄዳል እንጂ ቴርሚኒ አይገባም፤ ማደሪያችሁ በዚያ በኩል ከሆነ 14 ዩሮ የምታወጡበት ምንም ምክንያት የለም። ታክሲ ደግሞ አሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ ለሚወርድ ቁርጥ ዋጋ አለው፣ 55 ዩሮ፣ ለመኪናው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። አራት ሆናችሁ ሻንጣ ካላችሁ 14 ሲባዛ በአራት 56 ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ጨርሱት።

ማደሪያ ላይ ክርክሩ ሁሌም ቴርሚኒ ወይስ ትራስቴቬሬ ነው። ትራስቴቬሬ ያምራል። ጠባብ መንገድ፣ ሐረግ የወጣበት ግድግዳ፣ ማታ ማታ ሰው በየበሩ ወንበር አውጥቶ ሲበላ። ግን ሜትሮ የለውም፣ ሌሊቱም ጫጫታ ነው። ቴርሚኒ ሠፈር አያምርም፣ ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም። ግን ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ፣ ርካሽ ክፍል አይጠፋም፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ያሉት እዚያው አካባቢ ነው። የፍቅር ጉዞ ከሆነ ትራስቴቬሬ፤ ከእናት ጋር ወይ ከልጆች ጋር ከሆነ ቴርሚኒ። ኪስ ቦርሳችሁን ግን ያዝ አድርጉ፣ በተለይ ሜትሮ ስትገቡ።

ደግሞ ቴርሚኒ ለእኛ ሌላ ነገር አለው። ከጣቢያው ወጥታችሁ የምትቆሙበት አደባባይ ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ነው፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች። መታሰቢያቸው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ዛፍ መሃል ቆሟል፤ ከግብጽ የመጣ ሐውልት ነው፣ ከግርጌው የሟቾቹ ስም ተጽፏል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳም በእሱ ግርጌ ቆሞ ነበር። ዛሬ ለገሃር የምናየው እሱ ነው፣ ተመልሶ። ይህ ሁሉ በነጻ ነው፣ ሰልፍም የለውም። ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ ቀና ብሎ ሳያየው ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ኮሎሲየም ወይስ ቫቲካን።

መጀመሪያ ሁለቱን ባንድ ቀን አታድርጉ። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ያየሁትን አንዱንም አላስታውሰውም።

የኮሎሲየም መደበኛ ትኬት 18 ዩሮ ነው። ኮሎሲየሙን፣ ፎረሙን (የጥንቷን ሮም አደባባይ) እና የፓላቲኖን ኮረብታ ያካትታል፣ ለ24 ሰዓት ይሠራል። ወደ መፋለሚያው ወለል ወይ ግላዲያተሮቹና አውሬዎቹ ተራ ይጠብቁ ወደነበረበት ምድር ቤት መግባት ከፈለጋችሁ 24 ዩሮ። ትኬቱ የሚለቀቀው ከ30 ቀን በፊት ነው፣ በስም ነው የሚቆረጠው፣ ፓስፖርት ይዛችሁ ነው የምትገቡት። የጠዋቱ ሰዓት ቶሎ ያልቃል። ሄጄ እገዛለሁ ማለት አይሠራም።

ውስጡ እንዴት ነው? ትልቅ ነው። ቨስፓሲያን አስጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. የመረቀው፣ 50 ሺህ ገደማ ሰው ይይዝ ነበር የሚባልለት ስታዲየም ነው። ግን ከአርባ ደቂቃ በኋላ ድንጋይ ድንጋይ ይመስላል። እኔን የበለጠ የያዘኝ ፎረሙ ነው። መግቢያው አካባቢ የቲቶ ቅስት አለ፣ ከሥሩ ገብታችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። የሮም ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን አፍርሰው ሲመለሱ ከቤተ መቅደስ የዘረፉትን በትከሻቸው ተሸክመው ተቀርጸዋል፤ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ ጎላ ብሎ ይታያል። እናቴ መቅረዙን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «ይሄ እኮ የመቅደሱ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ኮሎሲየሙ አላስገረማትም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፎረሙ ጥላ የለውም፣ ሰኔና ሐምሌ ከሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ጨርሱት።

ቫቲካን ላይ ሰው የሚያምታታው ሁለት ነገር አለ። ሙዚየሙ በትኬት ነው፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በነጻ ነው። ሰልፋቸውም በራቸውም ይለያያል።

ሙዚየሙ 20 ዩሮ፣ ኦንላይን ሲገዛ 5 ተጨምሮ 25። ብዙ ክፍል፣ ብዙ ኮሪደር፣ ብዙ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ሲስቲን ጸሎት ቤት። ጣሪያውን ማይክል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 የሳለው ነው፤ የፍርድ ቀኑን ሥዕል ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ ነው የሠራው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ጥበቃዎቹ በየደቂቃው ጸጥታ ብለው ይጮሃሉ፣ ከሕዝቡ ይልቅ የሚጮሁት እነሱ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ቀና ስትሉ አንገታችሁ እስኪያማችሁ ትቆማላችሁ። እሑድ ዝግ ነው። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በነጻ ይከፈታል፣ ግን ያን ቀን ግማሽ ሮም እዚያ ነውና እኔ 25 ዩሮዬን ከፍዬ ብገባ እመርጣለሁ።

ባሲሊካው ሌላ ዓለም ነው። ፍተሻ ብቻ አልፋችሁ ትገባላችሁ። በስተቀኝ በኩል ማይክል አንጄሎ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የቀረጸው፣ ማርያም ልጇን ጭኗ ላይ ታቅፋ ያለችበት ሐውልት በመስታወት ተከልሎ አለ። ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ የቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ በስንት መቶ ዓመት የሰው እጅ ተዳብሶ ጣቶቹ ሟሙተው ለስልሰዋል፣ እንደ ሳሙና። እናቴም ዳሰሰችው። ጉልላቱ ላይ መውጣት ለሚፈልግ 551 ደረጃ ነው፣ በሊፍት ብትጀምሩም 320ው ይቀራችኋል። ጉልበት የሚያማው አይሞክረው።

አለባበስ ላይ ቀልድ የለም፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። በር ላይ ቱሪስቱ ሁሉ ከአዟሪ ሻርፕ ሲገዛ እናቴ በነጠላዋ ሰተት ብላ ገባች።

ከባሲሊካው ጀርባ፣ እዚያው ቫቲካን ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት ነበር። የግዕዝ አዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ሮም ላይ በማተሚያ ሲታተም የደከሙት የዚያ ቤት ሰዎች ናቸው። ለተራ ጎብኚ ክፍት አይደለም፣ ግን እዚያ መኖሩን ማወቁ ደስ ይላል።

አንድ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ቫቲካን አጠገብ ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ «ሰልፍ የለም» ብሎ ስልሳ ምናምን ዩሮ ተቀበለኝ። የተዘለለው የትኬቱ ሰልፍ ነው። የፍተሻውን ሰልፍ ማንም አይዘልም፣ እሱ ላይ ከሁሉ ጋር ጸሐይ ላይ ቆምኩ። መንገድ ላይ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ፣ አለቀ።

የእኔ ምርጫ? ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ኮሎሲየምን በትኬት፣ ባሲሊካውን በነጻ፣ ሙዚየሙን ተዉት። ሦስተኛ ቀን ካለና ሥዕል የምትወዱ ከሆነ ሙዚየሙ ይገባል። እንደ እናቴ ለቅዱሳን ቦታ የሚመጣ ሰው ከሆነ ግን 25 ዩሮውን ያዙና በሜትሮ ቢ መስመር ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ባሲሊካ ሂዱ። መቃብሩ እዚያ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ እንደ ቫቲካን አይገፋፉም። ከኮሎሲየም አሥር ደቂቃ በእግር ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስ ሰንሰለት የተቀመጠበት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የማይክል አንጄሎ ሙሴም እዚያው ነው፣ ይህም በነጻ። በነገራችን ላይ ሰኔ መጨረሻ የምትሄዱ ከሆነ፣ በፈረንጅ ጁን 29 የጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ነው፣ ለሮም የከተማው በዓል ነው፣ የቫቲካን ሙዚየም ይዘጋል። እኛ ያን ቀን እዚያው ነበርን። እነሱ በዓሉን ሲያከብሩ እናቴ «እኛ እስከ ሐምሌ 5 ገና ነን» ብላ ውሃዋን ጠጣች።

ኮሎሲየም ስትጨርሱ በሜትሮ አንድ ፌርማታ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ውረዱ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ካለበት ሕንጻ ፊት ለፊት። ሕንጻው ራሱ ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነው። ሐውልቱ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 ተተከለ። አሁን ቦታው ላይ ሌሎች ሁለት አሮጌ ዓምዶች ቆመዋል። የሚታይ ነገር የለም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ሮም ውስጥ እንደዚያ ባዶ ቦታ ደስ ያለኝ የለም።

የተቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፓንቴዮን የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ በ2023 በ5 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል፣ ይገባዋል፤ ጣሪያው መሃል ክፍት ነው፣ ሲዘንብ ዝናቡ ውስጥ ይወርዳል። ትሬቪ ፏፏቴ ወይ ገና ሲነጋ ወይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ካልሆነ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። ቦርጌዜ ጋለሪ ቆንጆ ነው፣ ግን ቀድሞ ካልተያዘ አይገባም፣ ቆይታውም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ሮማ ፓስ (ሙዚየምና ትራንስፖርት ባንድ የያዘ ካርድ) ወይስ ነጠላ ትኬት? ፓሱ ቫቲካንን አይጨምርም፣ ኮሎሲየምንም ቢሆን ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ግድ ነው። ባለ 48 ሰዓቱ አንድ ቦታ፣ ባለ 72 ሰዓቱ ሁለት ቦታ በነጻ ያስገባል፣ ትራንስፖርት ጨምሮ። የትራንስፖርት ነጠላ ትኬት ደግሞ 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ይሠራል። መሃል ከተማው በእግር የሚያልቅ ስለሆነ እኔና እናቴን አላዋጣንም። በቀን ሁለት ሙዚየም የሚያሯሩጥ ሰው ካለ ያዋጣዋል።

ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ጥግ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያለው የብረት ምሰሶ ቀን ከሌት ይፈስሳል፣ የሚጠጣ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ጠርሙስ ይዛችሁ ዙሩ።

ቡና ቆሞ ወይስ ተቀምጦ? ቆሞ። ባንኮኒ ላይ አንድ ዩሮ ከምናምን የሆነው ቡና ጠረጴዛ ላይ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ማኪያቶ ስታዙ ግን የእኛን አትጠብቁ። የጣሊያኑ በትንሿ ሲኒ የሚመጣ ጥቁር ቡና ነው፣ ላዩ ላይ ወተት ጠብ ያለበት። እናቴ ሲኒዬ ውስጥ አየት አድርጋ «የቀረውን መቼ ነው የሚያመጡልህ?» አለችኝ።

ለጾመኛ ምግብ አይጠፋም፣ መጠየቅ ነው። ካርቦናራና አማትሪቺያና የሚባሉት ፓስታዎች የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው፣ ካቾ ኤ ፔፔ አይብ ነው። ፓስታ አል ፖሞዶሮ (በቲማቲም) በሉ፣ አይብ እንዳይነሰንሱበት አስቀድማችሁ ንገሩ። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም። የአይሁድ ሠፈር የሚጠበሰው አርቲቾክ የሚባል አትክልት በዘይት ነው። ከሁሉም የሚረክሰው ግን ፒዛ ሮሳ ነው፣ ቲማቲም ብቻ የተቀባ፣ በትሪ ተጋግሮ በመቀስ እየተቆረጠ በሚዛን የሚሸጥ። እናቴ ሰውዬው ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው አየችና ሳቋ መጣ።

«እንደ ሥጋ ቤት ነው እንዴ? በል ሩብ ቁረጥልን በለው።»