ሙኩና ለፓርኪንሰን፦ በሻንጣ የሚላከው ዱቄት ሲመዘን

ውጭ ሀገር ያሉ ልጆች ለፓርኪንሰን ታማሚ ወላጆቻቸው ከሚልኳቸው «ተፈጥሯዊ» ነገሮች መካከል መድኃኒት ያለበት አንድ ነው፤ የሙኩና ዱቄት። መድኃኒት ስላለበት ነው እንደ ቅመም በማንኪያ እየተዘገነ መሰጠት የሌለበት።

ሙኩና በህንድ አዩርቬዳ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ የባቄላ ዘመድ ነው። ደረቁ ፍሬ ከክብደቱ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆነው ሌቮዶፓ ነው፤ ሐኪም ለፓርኪንሰን የሚያዘው ክኒን ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 5 ግራም ዱቄት 5 በመቶ ቢይዝ 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ይሆናል። «40 በመቶ» ተብሎ የተጻፈበት የ500 ሚሊግራም ካፕሱል ደግሞ 200 ሚሊግራም አለው። ችግሩ መለያው ላይ የተጻፈው የማይታመን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የሙኩና ምርቶች በላቦራቶሪ ሲፈተሹ አንዱ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ፣ ሌላው ከ200 ሚሊግራም በላይ ሌቮዶፓ ተገኝቶበታል። ስለዚህ ብልቃጡ ባለቀ ቁጥር ሌላ ብራንድ መግዛት ሳያውቁት መጠን መቀየር ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነጥብ ላይ ነው። የሐኪሙ ክኒን ሌቮዶፓ ብቻ አይደለም፤ ካርቢዶፓ አብሮት አለ። የተለመደው 250/25 የሚባለው ክኒን 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓና 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ይዟል። የካርቢዶፓ ሥራ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በአንጀትና በደም ውስጥ ወደ ዶፓሚን (በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ ወደሚያንሰው፣ እንቅስቃሴን ወደሚመራው ኬሚካል) እንዳይለወጥ መከላከል ነው። ሙኩና ብቻውን ሲወሰድ ይህ መከላከያ ስለሌለ አብዛኛው መንገድ ላይ ይባክናል፤ ማቅለሽለሹም ከዚያ ይመጣል። አባታችሁ ክኒኑን እየወሰዱ ሙኩና ሲጨመርላቸው ግን በሰውነታቸው ያለው ካርቢዶፓ ለሙኩናውም ይሠራለታል። ያን ጊዜ 5 ግራም ዱቄት ማለት አንድ ተጨማሪ ክኒን እንደመዋጥ ነው። «ቅጠላ ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» ተብሎ ጠዋትና ማታ ሲሰጥ ያለፈቃድ የሚወዛወዝ እጅና አንገት፣ ሲነሱ የሚያዞር የደም ግፊት መውረድ፣ ሌሊት የሌለ ሰው ማየትና ከእሱ ጋር ማውራት ይከተላል። ይህንን ቤተሰቡ «በሽታው ባሰበት» ብሎ ይተረጉመውና ዱቄቱን ይጨምራል።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ? እ.ኤ.አ. በ2017 ቦሊቪያ ውስጥ በ18 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ የተቆላ የሙኩና ዱቄት ከመደበኛው መድኃኒት ጋር የሚመጣጠን ውጤት አሳየ። መጠኑ ግን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 12.5 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ነበር። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ ወደ 15 ግራም ዱቄት ማለት ነው፤ የሻይ ማንኪያ አይበቃውም። በሌላ ጥናት 14 ታማሚዎች ለሳምንታት በየቀኑ ሲወስዱት ደግሞ ግማሾቹ ከመጨረሻው በፊት አቋረጡ፤ አራቱ ሆዳቸው አልችል ብሎ፣ ሦስቱ እንቅስቃሴያቸው ስለተበላሸ። ከሁለቱ ለቤት አጠቃቀም የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ፍርዳችንም ከእሱ ይነሳል።

ሙኩና ትርጉም የሚኖረው አንድ ቦታ አለ፦ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ሲሆን። ቦሊቪያ ውስጥ የተሞከረበትም ምክንያት ይኸው ነው። ያኔም ቢሆን ልኩን የነርቭ ሐኪሙ ያሰላው። ከተፈቀደ በኋላ በግራም የሚመዝን ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ያስፈልጋል። ከአንድ አምራች አንድ ዓይነት ዱቄት ብቻ ይያዝ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከ1 ሰዓት በኋላ በውሃ ተበጥብጦ ይሰጥ፣ የተሰጠበት ሰዓትና ሰውነቱ የተፈታበት ሰዓት በደብተር ይመዝገብ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አብረው ከተበሉ ከፕሮቲኑ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች ከሌቮዶፓው ጋር በአንድ በር ስለሚሻሙ መድኃኒቱ «አልሠራም» ይባላል። የብረት ክኒን ከወሰዱም በመካከሉ ቢያንስ 2 ሰዓት ይለፍ።

ማቅለሽለሽ ሲመጣ ብዙ ሰው ሮጦ የሚገዛው ፕላሲል ነው። ለፓርኪንሰን ታማሚ ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) አይሰጥም! የአንጎልን የዶፓሚን መቀበያ ስለሚዘጋ ሰውነቱን የባሰ ያደርቀዋል። ሐኪም በምትኩ ዶምፔሪዶንን ሊያዝ ይችላል፤ የልብ ምት ችግር ካለ ግን አስቀድሞ ይነገረው። ሌላው ትልቅ ጥንቃቄ ክኒኑን በአንድ ቀን አቁሞ ወደ ሙኩና አለመዝለል ነው። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ከባድ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መገተርና መዘባረቅ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።

ከሀገራችን ባቄላም ሌቮዶፓ አለበት፤ የሚበዛው በእሸቱና በለጋ ቅርፊቱ ሲሆን ሲደርቅና ሲበስል ይቀንሳል። ከሽሮ ወይም ከቆሎ የመድኃኒት ልክ አይጠበቅም። እሸት ባቄላ በወቅቱ ቢበሉ ደስ ይበላቸው፤ በድንገት ብዙ ከበሉ በኋላ መወዛወዝ ከታየ ግን ምክንያቱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል። የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት (በዘር የሚወረስ የደም ችግር) ያለበት ሰው ባቄላ ጨርሶ መብላት የለበትም፤ ከበላ በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ደሙ እየፈረሰ ነውና ሆስፒታል ይወሰድ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ኮኤንዛይም ኪው10 በቀን እስከ 2,400 ሚሊግራም በ600 ታማሚዎች ተሞክሮ አልጠቀመም። በቀን 10 ግራም ክሬቲን ከ1,700 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ቫይታሚን ኢ ደግሞ በቀን 2,000 ዩኒት ተሞክረው የበሽታውን ጉዞ አላዘገዩም። ውድ የሆነው በደም ሥር የሚሰጥ የግሉታቲዮን መርፌም ጥቅሙ አልተረጋገጠም። ይህን ሁሉ የምትልኩበትን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒስት ብታውሉት እንለምናችኋለን።

በጣም የምንወደው ከቤት የሚገኘው ተልባ ነው። ፓርኪንሰን አንጀትን ያዘገያል፤ ድርቀት ሲበዛ ደግሞ ክኒኑ ቶሎ አይሰርግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ ከመድኃኒቱ 2 ሰዓት ተራርቆ ይጠጣ። ደረቁን መቃም ያንቃል፤ ውሃ ካነሰም ድርቀቱን ያብሰዋል። ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ መዋጥ ተቸግረዋል ማለት ስለሆነ ተልባው ይቅርና ሐኪም ይያቸው።

እንቅስቃሴ ደግሞ ከዱቄቱ ሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት 195 ታማሚዎች ተካፍለው ነበር፤ በሳምንት ሁለቴ ለ24 ሳምንት ታይ ቺ የሠሩት ሰውነታቸውን ብቻ ካፍታቱት ያነሰ ወደቁ። ታይ ቺ ባይኖር ከሰው ጋር በዜማ ምት መራመድ ይቻላል። እግራቸው በር ላይ ወለሉን የሙጥኝ ካለ በሚያልፉበት መስመር ደማቅ ፕላስተር በእርምጃ ርቀት አግድም ለጥፉ፤ መስመሩን ለመሻገር ሲያስቡ እግሩ ይፈታል። እጃቸውን መጎተት ግን ይጥላቸዋል።

ጸበል ለሚወስዷቸውም መድኃኒቱ አይቋረጥ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ መዋጥ እንዲያውም ይመቸዋል። የሚያሰጋው ውድቀት ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይቁሙ፣ ሲጠመቁ ይቀመጡ፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ አንድ ሰው ከጎን ይደግፋቸው። ሱባዔ የሚገቡ ከሆነ የክኒኑ ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ለአስታማሚው ይሰጥ፤ የሚበቃም መድኃኒት ከሁለት ቀን ትርፍ ጋር ይያዝ።