ባትሪ የማይፈልገው የባሩድ ሚዛን

ለጠመንጃዬ ጥይት የምሞላው ራሴ ነኝ። ጠመንጃው ሰብልና ግጦሽ የሚያበላሹ ትናንሽ እንስሳትን ከሩቅ ለመምታት የተሠራ፣ ወፍራም በርሜል ያለው ነው። ዒላማው ትንሽ ስለሆነ አንዱ ጥይት ከሌላው ካልተመሳሰለ የመነጽር ጥራት ብቻውን አያድንም። ለዚህ ሥራ ከገዛኋቸው ዕቃዎች አብልጬ የወደድኩት አርሲቢኤስ 5-0-5 የተባለውን የክንድ ሚዛን ነው።

ሚዛኑን የሚያወጣውን አርሲቢኤስ የተባለ ኩባንያ በ1943 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረው ፍሬድ ሀንቲንግተን ነው። መጀመሪያ የሠራውም ሮክ ቸክ የሚባለውን ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ለሚያድኑ ሰዎች የአረር መቅረጫ ነበር። የእኛን ዓይነት ተኳሽ ከጥንቱ ያውቁታል ማለት ነው።

ሚዛኑ እስከ 511 ግሬን ይመዝናል። አንድ ግሬን ወደ 0.065 ግራም ነው። ክንዱ ማለት የሚዛኑ አግዳሚ ዘንግ ነው፤ በላዩ ሦስት ተንሸራታች ክብደቶች አሉ። ትልቁ በአሥር በአሥር ይሄዳል፣ አንዱ ትንሽ በአንድ በአንድ፣ ሌላው በ0.1 ግሬን። ትንሽ ቀለህ ለሚሞላ ሰው ይህች 0.1 ቀላል አይደለችም። አሥር ግሬን ባሩድ ላይ አንድ በመቶ ናት።

በጣም የምወደው ግን ክንዱ የሚረጋበትን መንገድ ነው። የክንዱ ስለት አጌት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ጫፉ ላይ ያለችው የመዳብ ቅጠል ደግሞ በማግኔቶች መሃል ትወዛወዛለች። ማግኔቱ የሚይዛት ስትንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ስትቆም ምንም አይነካትም። ስለዚህ ክንዱ ቶሎ ይረጋል፣ ንባቡም አይዛባም። ባሩዱን ፍሬ በፍሬ ስታንጠባጥብ ጠቋሚው ቀስ እያለ ወደ ዜሮው መስመር ሲወጣ ታየዋለህ። እኔ ይህን ማየት አይሰለቸኝም።

ዲጂታል ሚዛን ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ የክፍሉ ሙቀት ሲቀየር ንባቡ ይንሸራተታል። አንዳንዱም ዜሮውን በራሱ ስለሚያስተካክል በዝግታ የሚንጠባጠብ ባሩድን ሳይቆጥር ያልፋል። የክንድ ሚዛን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

የራሱ ጠባይ ግን አለው። የአየር ሽውታ አይወድም፤ ማራገቢያ ካለ አጥፋ። ጠረጴዛው መነቃነቅ የለበትም። ጠቋሚውን ከላይ ሆነህ ካየኸው ያሳስትሃል፤ ዓይንህ ከመስመሩ እኩል ይሁን። ተንሸራታቹ ጥርሱ ላይ በደንብ መቀመጡንም በጣትህ አረጋግጥ። ከሚፈለገው በላይ የገባ ባሩድ ግፊቱን አደገኛ ያደርገዋልና ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የባሩዱን መጠን ከአምራቹ መመሪያ ብቻ ውሰድ፣ ከዝቅተኛው ጀምር። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ዜሮውን በእግሩ ብሎን አስተካክል፣ ከዚያ ክብደቱ በሚታወቅ የመሞከሪያ ድንጋይ ፈትሸው።

በአንድ ቁጭታ ብዙ መቶ ጥይት መሙላት ለሚፈልግ ይህ ሚዛን ይዘገይበታል፤ እሱ ዲጂታል ይግዛ። ጥቂት ሞልቶ እያንዳንዷን ለሚጠነቀቅላት ግን ሳላቅማማ ግዛው እላለሁ። ስትገዛ የመሞከሪያ ድንጋዮቹን አብረህ ያዝ፣ ከአቧራ የሚከላከል ክዳንም ፈልግለት።